ቀላል እስራት፣ ጽኑ እስራት፦ ወንጀል በቅጣቱ ስም ሲመደብ

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የአንድ ድርጊት ክብደት የሚታወቀው በተመደበለት ቅጣት ነው። አንዳንድ አገሮች ወንጀሎቻቸውን አስቀድመው በፊደል ወይም በቁጥር ይከፍሉና ለያንዳንዱ ክፍል ቅጣት ይተምናሉ። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ የደረጃ መዝገብ የለውም። እያንዳንዱ አንቀጽ የሚከለክለውን ድርጊት ይገልጽና ቅጣቱን እዚያው ያስከትላል። የወንጀሉን ደረጃ ማወቅ የፈለገ ሰው ሁለት ነገር ይመለከታል፤ እስራቱ ቀላል ነው ወይስ ጽኑ፣ መነሻውና ጣሪያውስ ስንት ነው።

ይህን መለየት ለባለ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድብ ችሎት ልጁ ወይም ወንድሙ የተከሰሰበት ሰው የክስ ወረቀት ሲደርሰው፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በወንጀሉ ዝርዝር ላይ ነው፤ መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ የሚለው ላይ። ዕጣውን የሚናገረው ግን ከዚያ በላይ ያለችው አጭር መስመር ናት፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ ይህን፣ ንዑስ አንቀጽ ይህን በመተላለፍ የምትለዋ። ቤተሰብ «ስንት ያስቀጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ጠበቃው መልሱን የሚያወጣው ከዚያች ቁጥር ነው።

ሕጉ ዛሬ የያዘውን መልክ ያገኘው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከፍትሐ ነገሥትና ከየአካባቢው ልማድ በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ረቂቁን የስዊዘርላንዱ የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ያዘጋጁት አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ያ ሕግ በደርግ ዘመን ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተደርቦበት እስከ 1997 ዓ.ም. ቆየ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሁኑ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የጸደቀ ነው። ስሙም ተለውጧል። የቀድሞዎቹ «የወንጀለኛ መቅጫ» ይባሉ ነበር፤ አሁን «የወንጀል ሕግ» ነው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሕጉ ዓላማ ሲናገር ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከልን ያስቀድማል፤ ቅጣትን የሚያነሣው ማስጠንቀቁ ብቻውን በቂ ሳይሆን ሲቀር ነው።

በአውሮፓ ያለው የቆየ አከፋፈል ሦስት ደረጃ አለው፤ ከባድ ወንጀል፣ መካከለኛ ወንጀልና ደንብ መተላለፍ። የኢትዮጵያው ሕግ የያዘው ሁለቱን ነው፤ ወንጀልና ደንብ መተላለፍ። ሦስተኛው ልዩነት ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ ወንጀል በሚለው ስር በቀላልና በጽኑ እስራት መካከል ገብቶ ተቀምጧል።

ደንብ መተላለፍ የታችኛው ወለል ነው። የሕዝብን ሰላም፣ ጤና፣ ንጽሕና ወይም የመንግሥትን ሥራ በጥቂቱ የሚያውኩ ጥፋቶች እዚህ ይገባሉ። ቅጣታቸው ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማረፊያ ቤት እስራት ወይም አነስተኛ መቀጮ ነው። በአዲስ አበባ የደንብ መተላለፍ ጉዳዮች የሚታዩት በከተማዋ ቻርተር በተቋቋሙት የከተማው ፍርድ ቤቶች ነው። በመንገድ ዳር ቆሻሻ ለጣለ ሰው ደንብ አስከባሪ የሚቆርጠው ቅጣት ከዚህም የተለየ፣ የከተማው አስተዳደር በራሱ ደንብ የሚያስፈጽመው ነው። እንደ ጀሞና ለቡ ባሉ የከተማዋ ሰፈሮች ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

ከወለሉ በላይ ቀላል እስራት አለ። በአንቀጽ 106 መሠረት ይህ ቅጣት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። በሦስት ሁኔታዎች ግን ወደ 5 ዓመት ከፍ ሊል ይችላል፤ ከወንጀሉ ክብደት የተነሣ የልዩ ክፍሉ አንቀጽ በግልጽ ሲፈቅድ፣ በቀላል እስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ሲደራረቡ፣ ወይም ጥፋተኛው በተደጋጋሚ የተቀጣ ሲሆን። «ቀላል» የሚለው ቃል ሰሚን ያዘናጋል። ሦስት ዓመት ከቤቱ የራቀ አባወራ፣ ልጆቹ ትምህርት ያቋረጡበት፣ ሱቁ የተዘጋበት ሰው ቅጣቱን ቀላል ብሎ አይጠራውም። ሕጉ ቃሉን የተጠቀመው ለማነጻጸር ነው፤ ድርጊቱ መጠነኛ፣ አድራጊውም ለኅብረተሰቡ የከፋ አደጋ ያልሆነ ማለቱ ነው።

ጽኑ እስራት በአንቀጽ 108 ተደንግጓል። እጅግ ከባድ ለሆኑ ወንጀሎችና ለኅብረተሰቡ በተለይ አደገኛ ለሆኑ ጥፋተኞች የተመደበ ነው። ከ1 ዓመት ይጀምራል፤ ጣሪያው 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ባዘዘበት ቦታ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ይሄዳል። አፈጻጸሙም ከቀላል እስራት የጠበቀ እንዲሆን ሕጉ ያዛል።

እዚህ ላይ አንድ ለማየት የሚያስቸግር ነገር አለ። ቀላል እስራት 5 ዓመት ሊደርስ ሲችል ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ በዓመት ቁጥር ይደራረባሉ፤ የአራት ዓመት ቀላል እስራት ከሁለት ዓመት ጽኑ እስራት ይረዝማል። ልዩነታቸው በርዝመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ስም ባላስፈለገ ነበር። ስሙ ራሱ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ በይርጋው ዘመን፣ በድጋሚ ጥፋት ስሌት፣ በገደብ፣ ቅጣቱ ካለቀ በኋላ መዝገቡ በሚሰረዝበት ጊዜም ላይ ይታያል። ተከሳሽ «ሁለት ዓመት ተፈረደብኝ» ሲል ሰሚው መጠየቅ ያለበት «ቀላል ነው ወይስ ጽኑ?» ብሎ ነው።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ ስልክ ማሳየት ይቻላል። ማታ በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ግፊያ አለ እንበል። አንዲት ሴት ሚኒባስ ውስጥ ለመግባት ስትጋፋ አንድ ወጣት ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥቶ ይሰወራል። ይህ በአንቀጽ 665 የተመለከተው ስርቆት ነው፤ እንደ ሁኔታው በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ለዳኛው ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። አሁን ያው ወጣት ያንኑ ስልክ ሲወስድ ሴቲቱ ይዛ አልለቅም ብላ፣ እጇን ጠምዝዞ ወይም በብርቱ ዝቶባት ነጥቋት ቢሆን ነገሩ ስርቆት መሆኑ ይቀርና በአንቀጽ 670 ውንብድና ይሆናል፤ ከ1 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት። ቀላል እስራት የሚባለው ምርጫ ጠፋ፤ ጣሪያውም ሦስት እጥፍ ሆነ። ስልኩ ያው ስልክ ነው፣ ዋጋውም አልተለወጠም። የተለወጠው የኃይል ወይም የዛቻ መግባት ነው። ሕጉ በንብረቱ ዋጋ ላይ በሰው ላይ የደረሰውን ማስፈራራት ጨምሮ ይመዝናል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ስልክ ይተካል፣ ያቺ ሴት ግን ከዚያ ምሽት በኋላ በዚያ ሰልፍ ስትቆም ልቧ የሚሸበረው ለረጅም ጊዜ ነው።

የሰው ግድያም ደረጃ ያለው ነው፤ የሕጉ አመዳደብ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስከትላል፤ ታስቦበትና ተዘጋጅቶበት በተለይ በጭካኔ ወይም በአደገኛነት የተፈጸመ፣ ወይም በቡድን ሆኖ ለመዝረፍ የተደረገን ግድያ የመሰለው ነው። አንቀጽ 540 ከከባዱም ከቀላሉም ሳይሆን የቀረውን ተራ የሰው ግድያ ይይዛል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። አንቀጽ 541 ደግሞ ራስን ከመከላከል ወሰን በማለፍ ወይም በብርቱ ስሜት ተገፍቶ የተደረገን ግድያ እስከ 5 ዓመት ወደሚደርስ ቀላል እስራት ያወርደዋል። በሦስቱም አንድ ሰው ሞቷል። ከሞት ቅጣት እስከ ቀላል እስራት ያለውን ርቀት የፈጠረው የገዳዩ ሐሳብና ድርጊቱ የተፈጸመበት ሁኔታ ነው።

ቸልተኝነት ለብቻው በአንቀጽ 543 ይታያል፤ ብዙ አሽከርካሪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንቀጽ ነው። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ባለሙያ፣ እንደ ሐኪም ወይም አሽከርካሪ ያለ ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አድራጊው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥ ራሱን ስቶ ከነበረ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። በቀለበት መንገድ ላይ እግረኛ የገጨ ሾፌር «ሆን ብዬ አይደለም» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጠጥቶ ነበር ከተባለ ግን እውነቱ ከጽኑ እስራት አያድነውም።

መቀጮና የግዴታ ሥራ ለአነስተኛ ወንጀሎች ናቸው። በጠቅላላው ድንጋጌ መቀጮ ለግለሰብ ከ10 እስከ 10,000 ብር፣ ለድርጅት ከ100 እስከ 500,000 ብር ነው። እነዚህ ቁጥሮች በ1996 ዓ.ም. የተጻፉ ናቸው፤ የብር ዋጋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስለወረደ ያኔ የሚያስደነግጠው መቀጮ ዛሬ ክብደቱን አጥቷል፤ ሕጉ መታደስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የግዴታ ሥራ ከ6 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት በሚያስቀጡ ጥፋቶች ላይ በእስራቱ ፈንታ ሊወሰን ይችላል፤ ጥፋተኛው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ያልሆነ መሆን አለበት። የቀን ሥራ ሠርቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከእስር ቤት ይልቅ በዚህ መንገድ ቢቀጣ ቤቱም አይፈርስም።

ከሁሉ በላይ የሞት ቅጣት አለ። አንቀጽ 117 በጠባብ በር ያስገባዋል። ሕጉ በግልጽ ያስቀመጠው እጅግ ከባድ ወንጀል መሆን አለበት፤ ወንጀሉ ሙሉ በሙሉ የተፈጸመ እንጂ የተሞከረ ብቻ መሆን የለበትም፤ ማቅለያ ምክንያት መጥፋት አለበት፤ ጥፋተኛውም ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ፍርዱ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቁት አይፈጸምም። በአደባባይ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብአዊ መንገድ መፈጸምም የተከለከለ ነው።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ እነዚህ ደረጃዎች በአንድ መዝገብ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ያሳያል። ከረጅም ሙግት በኋላ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት፣ ብዙ ሌሎች ባለሥልጣናት ደግሞ በአካል ቀርበው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉና በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት አባቶች አማላጅ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ በእስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታን ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ የሞትን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጡ ግን ይፈቅዳል። ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ሲወርድ ሌላ በር ተከፈተ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ከባለሥልጣናቱ አብዛኞቹ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ስለነበር በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአመክሮ ወጡ። በአንድ ቃል መለወጥ፣ «ሞት» የሚለው «ዕድሜ ልክ» በመሆኑ፣ የሰዎቹ ዕጣ ተለወጠ።

አንቀጹ መነሻና ጣሪያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከ5 እስከ 20 ዓመት የሚል አንቀጽ 15 ዓመት ሰፊ ነው፤ ዳኛ ቁጥሩን ከየት ያወጣዋል? ሕጉ ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ተመሳሳይ ወንጀል የሠሩ ሰዎች በአንዱ ችሎት አጭር፣ በሌላው ረጅም ቅጣት እየተበየነባቸው ቅሬታ በዛ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 88 በተሰጠው ሥልጣን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 1/2002ን አወጣ፤ በኋላም በቁጥር 2/2006 ተካው። መመሪያው ቅጣቶችን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በተራ በተቀመጡ እርከኖች ደርድሯቸዋል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ጠባብ መነሻና ጣሪያ አለው። እንደ ግድያ፣ ስርቆትና ውንብድና ላሉ ወንጀሎች ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ደረጃ ያልወጣላቸውን ደግሞ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሹ አስተያየት ከሰጡ በኋላ ፍርድ ቤቱ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይመድባቸዋል።

ሥራው በችሎት እንዲህ ይሄዳል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ለቅጣት አስተያየት። ዐቃቤ ሕግ ማክበጃዎቹን፣ ተከላካይ ጠበቃው ማቅለያዎቹን ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ መነሻ እርከኑን ይለያል፤ ማክበጃ ሲገኝ ወደ ላይ፣ ማቅለያ ሲገኝ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ክህደት፣ ሥልጣንን ያላግባብ መጠቀም፣ በቡድን ሆኖ መፈጸም፣ ራሱን መከላከል በማይችል በሕፃን ወይም በታማሚ ላይ መፈጸም ወደ ላይ ይገፋሉ። ቀድሞ ወንጀል አለመሥራት፣ ጥፋቱን ማመን፣ ተጎጂውን መካስ፣ ከልብ መጸጸት ወደ ታች ያወርዳሉ። ስለዚህ ለተጎጂው ሕክምና መክፈል የክሱን አንቀጽ አይለውጥም፤ እርከኑን ግን ይለውጣል።

ሽምግልና እዚህ ላይ የሚገባበትን ቦታ ማወቅ ያሻል። በብዙ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፤ ተጎጂውም «ታርቀናል» ይላል። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ፣ እንደ ተራ የአካል ጉዳት ወይም ስድብ፣ አቤቱታው ሲነሣ ክሱም ይቀራል። ከዚያ በላይ የሆነ ወንጀል ግን የተጎጂው ብቻ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው በሕዝብ ስም ነው። በዚያ ጊዜ እርቁ የሚያገለግለው ለማቅለያነት ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሳይነግሯቸው ቀርተው፣ ታርቀናል ብለው የተማመኑ ቤተሰቦች በፍርዱ ቀን ይደነግጣሉ።

ወንጀሎች ሲደራረቡ ለያንዳንዱ ቅጣት ይበየንና ይደመራል፤ ነገር ግን ድምሩ የቅጣቱን ዓይነት ጠቅላላ ጣሪያ አያልፍም፤ ጽኑ እስራት ከ25 ዓመት አይበልጥም። ከተደራረቡት አንዱ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ከሆነ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ዕድሜም ሚዛን አለው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት አጥፊ የሚወሰዱበት እርምጃዎች የተለዩ ናቸው፤ ወቀሳ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክ። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት ጠቅላላው ሕግ ይመለከተዋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት ሊፈረድበት አይችልም።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ቅጣቱ ሁልጊዜ በእስር ቤት አያልቅም። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ካለፈው ትምህርት ወስዷል ብሎ ሲያምን ቅጣቱን በገደብ ሊያቆየው ይችላል፤ የሙከራው ዘመን ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ሌላ ወንጀል ከሠራ የቆየው ቅጣት ይነሣበታል። ቀደም ሲል በጽኑ እስራት፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሆነ ቀላል እስራት የተቀጣ ሰው ዳግም በእነዚሁ ቅጣቶች ሲፈረድበት ግን ገደብ አይሰጠውም። ወደ እስር ቤት ለሚሄደው ደግሞ ከፍርዱ በፊት በጥበቃ ሥር ያሳለፈው ጊዜ ከእስራቱ ላይ ይቀነሳል።

አመክሮ ሌላ ነገር ነው። ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በጠባዩ መሻሻል ያሳየ እስረኛ በአንቀጽ 202 መሠረት ቀሪውን በውጭ ሊያሳልፍ ይችላል። የ9 ዓመት እስረኛ 6 ዓመት ላይ፣ የ15 ዓመት እስረኛ 10 ዓመት ላይ ይህን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ነው በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለጥየቃ የሚመጡ ዘመዶች ቀኑን በሁለት ሦስተኛ የሚቆጥሩት። ይቅርታና ምሕረት ደግሞ ከፍርድ ቤት ውጭ ናቸው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል፤ ጥፋተኛ መባሉን ግን አይፍቅም። ምሕረት ወንጀሉን ራሱን እንዳልተፈጸመ ያስቆጥራል። በ2010 ዓ.ም. የምሕረት አዋጅ ወጥቷል፤ ይቅርታው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ይመራል።

የቅጣቱ ደረጃ ከፍርድ በፊትም ይሠራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ዋስትናን ከቅጣቱ ጋር ያስተሳስራል፤ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል መሆኑና የተጎጂው የመሞት ሥጋት ዋስትና ሲጠየቅ ይታያሉ። ጀሞ ላይ በተሰረቀው ስልክና በተነጠቀው ስልክ መካከል ያለው ልዩነት እዚህም ጥላውን ይጥላል፤ የስርቆቱ ጣሪያ 5 ዓመት ሲሆን የውንብድናው ጣሪያ 15 ስለሆነ፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አንቀጽ መረጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዋስትና ጥያቄ ላይ ይታያል። አንቀጹ ተገቢ አይደለም ብሎ የሚያምን ተከላካይ ጠበቃ ገና ከመነሻው መከራከር አለበት።

ይርጋም እንዲሁ ከደረጃው ጋር ይቆጠራል። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት፣ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው 20 ዓመት፣ ከ5 ዓመት በላይ እስከ 10 ያለው 15 ዓመት፣ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያለው 10 ዓመት ካለፈው በኋላ አይከሰስበትም። ከ1 ዓመት በላይ ቀላል እስራት የሚያስቀጣው 5 ዓመት፣ ከዚያ ያነሰው ወይም በመቀጮ ብቻ የሚያስቀጣው 3 ዓመት ነው። በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ይርጋ የለውም።

ስለ ክልሎች የሚነሣ ጥያቄ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ ክልሎችም በፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ የወንጀል ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ። ስለዚህ በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ግድያና ስርቆት በአንድ ሕግ ይዳኛሉ። ከዋናው ሕግ ጎን ሌሎች አዋጆችም ቅጣት አላቸው፤ የሽብርተኝነት፣ የሰው ንግድ፣ የጦር መሣሪያ፣ የሙስና፣ የጥላቻ ንግግር አዋጆች። በሽብርም ሆነ በሰው ንግድ የሚቀርብ ክስ ከወንጀል ሕጉ ውጭ የራሱ መነሻና ጣሪያ አለው፤ በክስ ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር ሳይነበብ የወንጀል ሕጉን ብቻ መመልከት ያሳስታል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚገጥማቸው ሥርዓት ሌላ ነው። የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ባለችበት የዋሽንግተን ግዛት ከባድ ወንጀሎች ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው ይመደባሉ። የኤ ጣሪያ ዕድሜ ልክና 50,000 ዶላር፣ የቢ 10 ዓመትና 20,000 ዶላር፣ የሲ 5 ዓመትና 10,000 ዶላር ነው። ከእነዚህ በታች ያለው ከፍ ያለ ቀላል ጥፋት ቀድሞ እስከ 365 ቀን ያስቀጣ ነበር፤ ግዛቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 364 ቀን አወረደው። ምክንያቱ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ዓመት የሚደርስ ቅጣትን ለስደተኛ ከአገር መባረር መነሻ ስለሚያደርገው ነው። አንዲት ቀን አንድን ቤተሰብ ከመበተን ልታድን እንደምትችል የታየበት ማስተካከያ ነው፤ ደረጃ ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነም ያሳያል።

ቅጣቱ አልቆም ደረጃው ከሰውየው ጋር ይቆያል። የወንጀል ሕጉ ይህን የሚዘጋው መሰየም በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ቅጣቱን ጨርሶ ሳያጠፋ የቆየ ሰው መዝገቡ ተሰርዞ መብቱ የሚመለስበት ነው። በጽኑ እስራት ለተቀጣ የሚጠበቀው ጊዜ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት ለተቀጣ 2 ዓመት ነው። ባለ ጉዳዩ ይህን በአቤቱታ ፍርድ ቤትን ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱም በመቆያው ዘመን የነበረውን ጠባይና ለተጎጂው የከፈለውን ካሳ ይመረምራል። ጥያቄውን ከተቀበለው ያ ጥፋት ከፖሊስ መዝገብ ይወጣል፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ሪከርድ አለብህ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።